ተራውን የሚጠብቅ ማሽን

የድርጅታችን የታሪክ መጽሐፍ ምዕራፍ አንድ እስካሁን አልተጻፈም። ምዕራፍ ሁለት፣ ሦስትና አራት ተተይበው፣ ታርመው፣ የመሥራቹ ልጆች ፈርመውባቸው መሳቢያዬ ውስጥ ተኝተዋል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስለ በዛ፣ ሞያሌ ኬንያ ደርሰን የመጣንበትን ጉዞ ከነጉዱ ልጽፈው ቆረጥኩ። ከአንባቢዎቼ አንዱም እዚያ ይሄዳል ብዬ አላስብም። እኔም ሥራ ሆኖብኝ እንጂ በፈቃዴ አልሄድም ነበር።

ወይንሸት እባላለሁ። ቃሊቲ ባለ አንድ የብረታ ብረት ድርጅት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። የምንሠራው ዕቃ የሚያጓጉዙ ማሽኖችን ነው፤ እህል ወደ ጎተራ የሚያወጣ ባለባልዲ ሊፍት፣ አሸዋና ጠጠር የሚወስድ የጎማ ቀበቶ፣ ሲሚንቶ የሚጠራቀምበት የብረት ጎተራ። ባጭሩ ሰው በጀርባው እንዳይሸከም የሚያደርግ ነገር ሁሉ። መሥራቹ ጋሼ ደምሰው ሰማንያን ተሻግረዋል። ጆሯቸው ደህና ነው፣ ጉልበታቸው መካከለኛ ነው፣ ትዕግሥት ግን ፈጽሞ አልተሰጣቸውም።

ልጆቻቸው የድርጅቱ በዓል ሲደርስ መጽሐፍ ይውጣ አሉ። ታላቁ ልጅ ምትኩ ቢሮው ጠርቶኝ «ወይኒ፣ ጸሐፊ ነሽ አይደል? ጻፊው» አለኝ። ደብዳቤ መተየብና መጽሐፍ መጻፍ አንድ መስሎት ነው።

ጠቡ የተነሣው በምዕራፍ አንድ ነው። ጋሼ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ማሽን የሠሩት ለአንድ የሞያሌ ኬንያ ነጋዴ ነበር። በናፍጣ ሞተር የሚዞር፣ ጆንያ ከመሬት ተቀብሎ መኪና ላይ የሚያወጣ ረጅም የጎማ ቀበቶ። ፈታተው በጭነት መኪና ላኩት፤ ሄደው ሊገጥሙት ሲሉ ታይፎይድ ጣላቸውና ላቀው የሚባል ገጣጣሚ ላኩ። ላቀው ከሁለት ወር በኋላ አዲስ ኮት ለብሶ ተመለሰና «ሠርቷል» አለ። ከዚያች ቃል ሌላ አልጨመረም። ላቀው ደግሞ «በልቻለሁ» ሲል እንኳ ሳህኑን ማየት የሚያስፈልግ ሰው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ የሚጠየቅም ጠፋ፤ ጋሼም ከሠላሳ ዓመት በላይ ማሽናቸው ይሥራ አይሥራ ሳያውቁ ኖሩ።

ምትኩ «አባባ፣ ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፎቶ የለም፣ ማስረጃ የለም። ታሪኩ ከሁለተኛው ማሽን ይጀምር» አለ። የሁለተኛው ማሽን ፎቶ አለ፤ ምትኩ ሕፃን ሆኖ ላዩ ላይ ተቀምጧል።

ጋሼ ተነሡ። «አንድ ጆንያ! አንድ ጆንያ ሲያወጣ በዓይኔ አይቼ እመጣለሁ። ካልሠራ ምዕራፉን ራሴ እቀደዋለሁ። ወይንሸት፣ ካሜራ ያዢ።»

የመጀመሪያው ቀን

በጥቅምት ወር፣ ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ጋሼ የያዙት የመፍቻ ሣጥንና አንድ ጣሳ ግራሶ ብቻ ነው። ቅያሪ ልብስ የት አለ ብላቸው «የምሄደው ማሽን ላይ እንጂ ሠርግ ላይ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

ዝዋይ ሳንደርስ ጣሳው ተከፈተና ግራሶው ከጎናቸው የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላ ላይ ፈስሶ ጥለቱን አበላሸው። ሴትየዋ ሲጮሁ ጋሼ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ የድርጅቱን ታሪክ ይተርኩላቸው ጀመር። አባታቸው የወፍጮ ቤት ተሸካሚ ነበሩ። አንድ ቀን ኩንታል ተሸክመው ደረጃ ሲወጡ ወገባቸው ተቀጨ፤ ከዚያ ወዲያ ቀጥ ብለው አልሄዱም። ጋሼም ገና ልጅ ሳሉ የአባታቸውን ጆንያ ተረከቡ።

«ያን ጊዜ ነው የማልኩት» አሉ። «ሰው አህያ አይደለም። ሰው ጆንያ የማይሸከምበት ነገር እሠራለሁ ብዬ።»

ሴትየዋ ጥለቱን ረስተው ቆሎ ዘገኑላቸው። አውቶቡሱም እየሰማ ነበር። አርሲ ነገሌ ላይ የመጀመሪያው ማሽን ተሠራ፤ ሻሸመኔ ስንደርስ ደርግ ወረሰን፤ ሐዋሳ ወርደን ምሳ በላን። ከምሳ በኋላ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «አባባ፣ ከተወረሳችሁ በኋላስ?» ብሎ ጮኸ። ይርጋለም መገንጠያ ላይ ድርጅቱ ተመለሰልን፤ ዲላ ስንገባ ልጆቹ ሥልጣኑን ይዘው ጋሼን ጡረታ አወጧቸው። አውቶቡሱ በአንድ ድምፅ ልጆቹን ረገመ። እኔ ጉልበቴ ላይ እየጻፍኩ ሦስት ምዕራፍ ጨረስኩ፤ እጄ ዝሎ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ።

ዲላ ያደርንበት ቤት አልጋው ሦስት እግር ነበረው፤ አራተኛው ብሎኬት ነው። ጋሼ ብሎኬቱን አስወጥተው፣ ከባለቤቱ ቁራጭ ብረት ተቀብለው፣ እግር ሠርተው ገጠሙለት። ባለቤቱ የአልጋ አልቀበልም ብሎ ጠዋት ቁርስ ጨመረልን። እኛ ቢሮ ወንበሬ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነቃነቅ አንድ ቀን ዞር ብለው አላዩትም።

ሁለተኛው ቀን

ከዲላ በኋላ አረንጓዴው እያነሰ፣ አፈሩ እየቀላ ሄደ። ያቤሎን ስናልፍ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው የሚያህል፣ ቤት የሚያህል ኩይሳ ቆሟል። ሌላው ተሳፋሪ ግመል ያያል፤ ጋሼ ኩይሳ ያያሉ። «ይህን ሁሉ አፈር ያለ ቀበቶ፣ ያለ ባልዲ ማን አወጣው? ምስጥ! ለእኔ ሃምሳ ምስጥ ቢሰጡኝ ሠራተኛ አልቀጥርም ነበር።» ይህንንም ለታሪኩ ጻፊው አሉኝ። አልጻፍኩትም።

ሜጋ አጠገብ ጎማ ፈነዳ። ጋሼ ከነመፍቻቸው ወርደው ሾፌሩን ሲያዙ፣ ሾፌሩ ተናዶ ቁልፉን ሰጣቸው፤ ጎማውን ግን የቀየረው ረዳቱ ነው። ሞያሌ ስንገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ኢትዮጵያ በኩል አደርን።

ሦስተኛው ቀን

ሞያሌ አንድ ከተማ ነው፤ መንግሥት ነው ሁለት ያደረገው። አህያው፣ ፍየሉ፣ ጀሪካን የተሸከመችው ሴት ሳይጠየቁ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የሚጠየቀው እንደ እኛ ያለ ወረቀት የያዘ ሰው ነው። ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ እንዲሉ፣ ቁም ሲሉን ቆምን፣ ተቀመጡ ሲሉን ተቀመጥን።

በኬንያ በኩል ያለው ሹም የገበያ አማርኛ ይችላል። ቅጹን አወጣና «ለምን መጣ? ንግድ? ሕክምና? ዘመድ?» አለ።

«ማሽን ልጠይቅ» አሉ ጋሼ።

ሹሙ ቅጹን አገላብጦ አየ። «ማሽን የሚል የለም። ዘመድ ልጻፍ?»

«ጻፍ!»

«የዘመድ ስም?»

ጋሼ ትዕግሥታቸው አልቆ ነበርና የድርጅታቸውን ስም፣ ማለት የራሳቸውን ስም ጠሩለት። «ደምሰው!»

የሹሙ ፊት በራ። «አአ፣ ደምሰው! የጎዳውኑ፣ የመጋዘኑ ደምሰው! ደህና ነው፣ ትናንት አየሁት። ካሪቡ፣ ግባ ግባ!» ብሎ ማኅተሙን መታልን። ሰባት ቀን ፈቀደልን። ጋሼና እኔ ተያየን። እዚህ አገር ደምሰው የሚባል ሌላ ሰው አለ ማለት ነው ብለን ወጣን።

አንድ እርምጃ ተራምደን መኪናው ሁሉ በግራ ይሄዳል፤ ሁለት ጊዜ ልገጭ ነበር። አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያም ዓመቱ ከእኛው ቀድሞ ሄዷል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው። «እንግዲያው ማሽኔ በዚህ በኩል ሰባት ዓመት ትርፍ አገልግሏል» አሉ። ልከራከራቸው ብዬ ተውኩት።

ያረፍነው ከደጋ መጥተው እዚያ ሆቴል ከከፈቱ ወይዘሮ ሙሉነሽ ቤት ነው። አማርኛችንን ሲሰሙ አንድ ክፍል ብቻ እንደ ቀረ ነገሩንና የራሳቸውን መኝታ ለእኔ ለቀቁልኝ፤ እሳቸው ወጥ ቤት ፍራሽ አንጥፈው ተኙ። ምሳ ኡጋሊ ቀረበ። ኡጋሊ ማለት ገንፎ ነው፤ ግን መሐሉ የቅቤ ጉድጓድ የለውም፤ ጋሼ ሳህኑን እያዞሩ ጉድጓዱን ፈለጉ። ሻዩ ግማሹ ወተት ነው። በእኛ ቤት ሻይ እንዲህ ሆኖ ቢቀርብ አራስ አለች ወይ ብለን እንጠይቃለን።

የመጣንበትን ስንነግራቸው ወይዘሮ ሙሉነሽ ማማሰያውን አስቀመጡ። «ደምሰውን? የሠሩት እርስዎ ነዎት?» ብለው አማተቡ። ታሪኩን ያገኘነው ያን ጊዜ ነው።

ማሽኑ መጣ፤ ላቀው ገጠመው፤ ሠራም። የመጀመሪያው ቀን አንድ መኪና ሙሉ ቦሎቄ ሻይ ተፈልቶ ሳያልቅ ጫነ። ተሸካሚዎቹ ቆመው አዩ። በማግሥቱ ሥራ አልነበራቸውም። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ዛፍ ሥር ሦስት ቀን ሙሉ ተነጋገሩ። ነጋዴው ማሽኔን አልጥልም አለ፣ ተሸካሚዎቹ ልጆቻችንን አንጥልም አሉ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ፈረዱ፦ ማሽኑ ይሥራ፣ ነገር ግን እንደ ሰው ይሥራ። ተራውን ይጠብቅ፣ ከሠራ በኋላ ይረፍ፣ እድር ይግባ፣ ለቅሶ ይድረስ።

መኪና ሲመጣ የሚጭኑት ቡድኖች ስድስት ነበሩ፤ ማሽኑ ሰባተኛ ቡድን ሆነ። ወገባቸው የደከመ ሁለት አሮጌ ተሸካሚዎች ጆንያ እያንከባለሉ ያቀርቡለታል፤ ድርሻው እድሩ ሣጥን ይገባና በሥራ ለተሰበሩት ይውላል። ግንባሩ ላይ በብየዳ የተጻፈውን ስም አንድ ፊደል የቆጠረ ሰው አነበበላቸው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስሙ ደምሰው ነው።

ጋሼ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። «ሠርቷል?» አሉ። ሌላውን ሁሉ የሰሙት አልመሰለኝም።

ወደ መጋዘኑ ሮጡ ብል ማጋነን አይደለም። ማሽኑ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆሟል፤ ቀበቶው ተጠጋግኖ የመነኩሴ ልብስ መስሏል። ሥሩ ተሸካሚዎቹ ተቀምጠው ጫት ይቅማሉ። ተራ የሚያስከብሩት ገልገሎ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ናቸው፤ በትር ይዘዋል፣ አማርኛቸው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ቃል የለም።

«አስነሡልኝ!» አሉ ጋሼ።

«ሐፓና። አይሆንም። ደምሰው ዛሬ ዛሙ የለውም። ዛሙ፣ ተራ። ከፊቱ ሦስት ሎሪ አለ።»

«እኔ እኮ የሠራሁት ነኝ! ደምሰው እባላለሁ!»

ተሸካሚዎቹ ጫታቸውን አቆሙ። ገልገሎ ጋሼን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው። «የሱ ሞክሼ ነህ? አባት ነህ?» ቀጥለው እጃቸውን ጨበጡ። «ደህና ልጅ ነው። አይሳደብም። ግን እረፍት ላይ ነው። አንተ ልጅህ ደክሞ ሲተኛ ጆንያ ታሸክማለህ?»

አራተኛው ቀን

ሁለት ሎሪ መጥቶ ሁለት ቡድን ጫነ። አንድ ጆንያ በተጫነ ቁጥር ጋሼ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ቢሆን ከሚመለከተው ጋር ተነጋግሮ ተራ ማስቀደም ይቻላል። ጋሼ የሚመለከተውን ፈልገው ነበር፤ የሚመለከተው ገልገሎ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ለጸሎት ሲሄድ ጋሼ ዙሪያቸውን አዩና የሞተሩን ማስነሻ ዘንግ ያዙ። «ድምፁን ብቻ ልስማ» አሉኝ። አንድ ጊዜ አዞሩት፣ ሁለት ጊዜ አዞሩት። ሞተሩ አንድ ጊዜ «ጡፍ» አለና ጥቁር ጢስ ፊታቸው ላይ ተፋ። ገልገሎ በራፉ ላይ ቆመዋል።

ዳኝነቱ አጭር ነበር። ደምሰው ያለ ተራው ተነሥቷል፤ ቅጣቱ ለተሸካሚው ሁሉ ሻይና ማንዳዚ ነው። ማንዳዚ የእነሱ ቦምቦሊኖ ነው። ማሽኑ ስለማይገዛ ቤተሰቡ ይገዛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው። ጋሼ ፊታቸው እንደ ጠቆረ ማንዳዚውን ሲያዞሩ ውለው፣ ወደ ማታ ግን ከሁሉም ጋር ስም ተዋውቀው፣ የአንዱን የጋሪ ጎማ እየጠገኑ አገኘኋቸው።

አምስተኛው ቀን

የአንድ ተሸካሚ እናት አርፋ ሥራ የለም። ማሽኑ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተጣለ፤ ለቅሶ ደረሰ ማለት ነው። እኛም ሄደን ተቀመጥን። ሰው እየመጣ ጋሼን «ደምሰው እንዴት ያዘው?» ይላቸዋል፤ እሳቸው መጀመሪያ እያፈሩ፣ በኋላ ግን ፊታቸውን ቅጭም አድርገው «ምን ያድርግ፣ ቻለው» ይሉ ጀመር። እኔ ሳቄ ሲመጣ ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ፤ ሴቶቹ በጣም ያዘንኩ መስሏቸው አጽናኑኝ።

ስድስተኛው ቀን

ሎሪው የደረሰው ረፋድ ላይ ነው። ተራው የሦስት ሰዎች ቡድን ነበር፤ አንዱ ግን የለም። ጉዮ ይባላል፤ አንገቱ ሥር ቆዳው በጆንያ የደደረበት፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው። ገልገሎ ሦስት ጊዜ ስሙን ጠሩ። ስም ሲጠራ አንድ ሰው የጎደለበት ቡድን ወደ ሰልፉ ጅራት ይሄዳል፤ ተራው የሚቀጥለው ነው። የሚቀጥለው ደምሰው ነበር።

ጋሼ ሮጠው ጨርቁን ገፈፉ። ግራሶ ቀቡ፣ ናፍጣ ሞሉ፣ ሁለቱ አሮጌ ተሸካሚዎች ቦታቸውን ያዙ። እኔ ካሜራውን አወጣሁ። 

ጉዮ እያለከለከ የደረሰው ያኔ ነው። ሚስቱ ሌሊቱን ስታምጥ አድራ መንታ ወልዳለች፤ ደም ብዙ ፈስሷት እስካሁን ሆስፒታል ናት። ዛሬ ካልጫነ ወደ ሆስፒታሉ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ይህን የተናገረው ለገልገሎ በኦሮምኛ ነው፤ ለእኛ የነገሩን ገልገሎ ናቸው። ቀጥለውም በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ለጋሼ እንዲህ አሉ።

«እኛ ዘንድ ተራ መስጠት አለ። ችግር ያለው ሰው፣ ከፊቱ ያለው ከፈለገ ይሰጠዋል። ደምሰው ሠላሳ ዓመት ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ስስታም አይደለም፤ አፍ የለውም። ዛሬ አባቱ አለ። አንተ ተናገር።»

«ብሰጠው የሚቀጥለው ሎሪ የእኔ ነው?»

«ሐፓና። የሰጠ ሰው የተቀበለውን ቦታ ይይዛል። ጅራት።»

«አይሆንም!» አሉ ጋሼ። አዎን፣ እንዲህ አሉ፤ አልደብቅም። «ሰማንያ ዓመቴ ነው! ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት አንድ ጆንያ ለማየት ነው! አይሆንም!»

«ሳዋ፣ እሺ» አሉ ገልገሎ። «መብቱ ነው።»

አንድም ሰው አላጉረመረመም። በእኛ አገር ቢሆን ሰው ሁሉ ይመክራቸው፣ ይለማመጣቸው፣ ይገሥጻቸው ነበር። እነዚህ ዝም ብለው ዞር አሉ። ጉዮም ቆሞ አልቀረም፤ የመጀመሪያውን ጆንያ ከአንዱ አሮጌ ተሸካሚ እጅ ተቀብሎ ብድግ አደረገና የቀበቶው ጫፍ ላይ አስተካክሎ አኖረላቸው። ከዚያ በትከሻው ፊቱን ጠርጎ፣ ያስነሡት ብሎ በአገጩ አመለከታቸው።

ጋሼ ዘንጉን ያዙ። አላዞሩትም። ጉዮን አዩ፤ አንገቱን፣ ያን የደደረውን ቆዳ። ብዙ ቆዩ። ካሜራዬ ዓይኔ ላይ እንዳለ ክንዴ ደነዘዘ።

«ወይንሸት» አሉኝ በመጨረሻ። «አባቴ አንገት ላይ እንዲህ ያለ ነበር። ይህን ብረት የሠራሁት እንዲህ ያለ አንገት እንዳይኖር ብዬ ነው። አሁን ይኸው፣ አንዱን ሰው ተሸከም ብዬ ልለምነው ነው። እኔ አብጃለሁ ወይስ ዓለም ነው ያበደው?»

 ጋሼ ዘንጉን መሬት ላይ አስቀመጡና ጆንያውን ከቀበቶው ላይ ሊያወርዱ ታገሉ፤ ጉዮ ሮጦ ተቀበላቸው። «ተሸከም ልጄ» አሉት። «ተሸከም። ደምሰው ሰጥቶሃል።»

ጉዮ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ፤ ከዚያ ሄዶ የማሽኑን ብረት በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ምስጋናውን ለሁለቱ አካፈለ። ያነሣሁት ፎቶ ይህ ነው፦ ሦስት ሰዎች ጆንያ ተሸክመው መኪና ላይ ይወጣሉ፣ ከኋላቸው ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከጎኑ አንድ ሽማግሌ አልቅሰው አፍንጫቸውን ይናፈጣሉ።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን

ዝናብ ጣለ። የማርሳቢት መንገድ ጭቃ ሆነና ሎሪዎቹ መንገድ ላይ ሰጠሙ፤ የሚመጣ የለም፣ የሚጫን የለም፣ ተራውም ባለበት ቆመ። ተሸካሚዎቹ ዳስ ሥር ተኮልኩለው ዝናቡን ያያሉ፤ ጋሼ መሐላቸው ተቀምጠው ስለ ምስጥ ያስተምራሉ። ከፊታችን አምስት መኪና አለ።

ኢትዮጵያ በኩል ተሻግሬ ለምትኩ ስልክ ደወልኩ።

«አባቴ የት ነው?»

«ተራ እየጠበቁ ነው።»

«የምን ተራ?»

ነገርኩት።  «ወይኒ፣ እዚያ ሙቀቱ እንዴት ነው? ውኃ ትጠጣላችሁ?» አለኝ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ፈቃዳችንን ልናሳድስ ሹሙ ዘንድ ሄድን። ለእኔ አንድ ቀን ብቻ ጨመረ፤ ጋሼን ግን «የደምሰው ቤተሰብ ነህ» ብሎ አንድ ወር ጻፈላቸው። «ጋሼ፣ እንሂድ» ብዬ ለመንኳቸው። «አንቺ ሂጂ። ምዕራፉን ጠብቂኝ» አሉ። ወይዘሮ ሙሉነሽ የጋሼን ክፍል ለሌላ እንግዳ እንደማያከራዩባቸው ማሉልኝ፤ ለእኔ ደግሞ ለመንገድ የሚሆን ማንዳዚ በጋዜጣ ጠቀለሉልኝ። እንዲህ ላለ ሰው ምን ተብሎ እንደሚመሰገን አላውቅም፤ አቅፌአቸው አለቀስኩ።

ከተመለስኩ በኋላ

ሁለት ቀን ተጉዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ቢሮዬ ገብቼ ምዕራፍ ሁለት፣ ሦስትና አራትን ተየብኩ። ምትኩ በየጠዋቱ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «ደወለ?» ይለኛል፤ መጀመሪያ በንዴት ነበር፣ ኋላ ኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ። አንድ ቀን እንዲያውም ከፊታቸው ስንት መኪና እንደ ቀረ ጠየቀኝ።

ስልኩ የጮኸው ከተነሣን በሃያኛው ቀን ከምሳ በኋላ ነው። መስመሩ ይንኮሻኮሻል፤ ከኋላ ሰው ይስቃል፣ መኪና ጡሩምባ ይነፋል።

«ወይንሸት! መንገዱ ተከፈተ። ዛሬ ተራችን ነበር!»

ምትኩ ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ! አወጣ? ጆንያውን አወጣ? አዩት?» አልኩ።



«ተራውን ሰጠነው» አሉ ጋሼ።